እትብት ሲለካ

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚኖሩትን ጎረቤታሞች አገራቸውን ቢጠይቋቸው፣ አንዱ «እትብቴ የተቀበረው ጎጃም ነው» ይላል፤ ሌላው «ልደታ ነው» ይላል። እትብቱ ከመቀበሩ በፊት ምን ይሠራ እንደ ነበረ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እትብት ጽንሱን ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚያገናኝ ገመድ ነው። በውስጡ ሦስት የደም ሥሮች አሉ። አንዱ ምግብና ኦክሲጅን ወደ ልጁ ያመጣል፤ ሁለቱ ያገለገለውን ደም ይመልሳሉ። እንዳይታጠፉም እንደ ሙጫ ያለ ለስላሳ ነገር ይሸፍናቸዋል። ይህ ሲያንስ እትብቱ ይቀጥናል፤ መቅጠኑም ብቻውን ፍርድ ባይሆን፣ ልጁ በሚገባ አለማደጉን ሊያመለክት ይችላል።

ይህ ሁሉ ከመወለድ በፊት የሚታየው በድምፅ ነው። በገደል ፊት የተጣራ ሰው ድምፁ እንደሚመለስለት፣ አልትራሳውንድም ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ማኅፀን ልኮ ከሚመለሰው ሥዕል ይሠራል። የግላስጎው ሐኪም ኢያን ዶናልድ የብረት ስንጥቅ መፈለጊያ መሣሪያን ለሕክምና አውሎ ውጤቱን በ1958 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዛሬ የጽንሱ ራስ፣ ሆድና የጭን አጥንት ይለካሉ። ምግብ ያነሰው ጽንስ በጉበቱ ያጠራቀመውን ስለሚጨርስ፣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያንሰው የሆዱ ዙሪያ ነው።

ነገር ግን ዕድሜ ካልታወቀ ልኬት ምን ይጠቅማል? አንዲት የኮዬ ፈጬ ነፍሰ ጡር በመስከረም ለመጀመሪያ ጊዜ ተመርምራ፣ «የወር አበባዬን ያየሁት ከጥምቀት በፊት ይሁን በኋላ እንጃ» አለች እንበል። ልጁ ትንሽ ሆኖ ቢገኝ፣ ቀጭጮ ነውን ወይስ ዕድሜው ገና ነው? በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተለካ ጽንስ ዕድሜው በአንድ ሳምንት ገደማ ልዩነት ይታወቃል፤ በመጨረሻው ጊዜ ግን ስሕተቱ እስከ ሦስት ሳምንት ይደርሳል። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንዲደረግ መከረ።

አንድ ልኬት መጠንን ይነግራል፤ እድገትን የሚነግሩት ሁለት ልኬቶች ናቸው። ይሁንና በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ ክትትል ያደረጉት ከመቶ 43 እናቶች ብቻ ነበሩ።

እርግዝናን ቶሎ አለመናገር የቆየ ልማዳችን ነው። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ነፍሰ ጡር ካለች፣ ለጎረቤት ቢደብቁት ይደብቁት፤ ለጤና ጣቢያው ግን ዛሬውኑ ይንገሩ።