አማካይ የደበቃቸው ሕዋሳት

የአንድ ቀበሌ ገበሬዎች ያመረቱትን እህል በአንድ ጎተራ ደባልቀን በአባወራ ብዛት ብናካፍለው፣ የሚመጣው ቁጥር ሐሰት አይደለም። የማን ልጅ ጦሙን እንዳደረ ግን አይነግረንም። በሽታ አምጪ ፈንገሶችን የሚያጠኑ ባለሙያዎችም የጂንን ሥራ ሲለኩ የኖሩት በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ሚሊዮኖች ሕዋሳትን በአንድ ቱቦ ፈጭተው አርኤንኤ ያወጣሉ፣ ከዚያም ይህ ጂን ምን ያህል እንደሠራ ይቆጥራሉ። የሚያበሩ ፕሮቲኖች ትልቁ ውለታ በእኔ ግምት የሥዕሉ ውበት አይደለም፤ እያንዳንዱን ቤት አንኳኩተው መጠየቃቸው ነው።

ዘዴው ውስብስብ አይደለም። ጂን ከፊቱ ፕሮሞተር የሚባል ማብሪያና ማጥፊያ አለው። ተመራማሪው ይህን ማብሪያ ቀድቶ ከጄሊፊሽ በተገኘው የአረንጓዴ ፕሮቲን ጂን ፊት ይተክለዋል። ፈንገሱ የራሱን ጂን ሲያሠራ አረንጓዴውም አብሮ ይመረታል፤ ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ሕዋሱ ያበራል። ፕሮቲኑን ኦሳሙ ሺሞሙራና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1962 ለዩት፤ ማርቲን ቻልፊ በ1994 በባክቴሪያና በትል ውስጥ አበራው፤ የ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሺሞሙራ፣ ለቻልፊና ለሮጀር ቼን ተሰጠ። ጂኑን ለይቶ ለቻልፊ የላከው ዳግላስ ፕራሸር ግን ሽልማቱ ሲታወጅ አላባማ ውስጥ የመኪና መሸጫ ደንበኞችን በመኪና ያመላልስ ነበር።

ካንዲዳ አልቢካንስ፣ የሕፃናትን ምላስ ነጭ የሚያለብሰውና ደም ውስጥ ሲገባ የሚገድለው ፈንገስ፣ ይህን መብራት መጀመሪያ እምቢ አለ። ሌላው ፍጥረት ከሞላ ጎደል ሲ-ዩ-ጂ የሚለውን የጂን ኮድ ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ብሎ ሲያነብ እሱ ሴሪን የተባለውን ሌላ ይለዋል፤ ኮዱ ደግሞ በጄሊፊሹ ጂን ውስጥ አለ። ብሬንዳን ኮርማክ፣ ኒል ጋው፣ አሊስቴር ብራውንና ባልደረቦቻቸው ያችን አንዲት ቃል አረሙ፤ አሁንም ጨለማ። በመጨረሻ 239ኙንም አሚኖ አሲዶች ፈንገሱ በሚመርጠው ኮድ እንደገና ጻፏቸው፣ ብርሃኑን የሚያጎሉ ሁለት ለውጦችም ጨመሩ። ውጤቱ በ1997 ታተመ፤ ካንዲዳም በራ።

ጥቅሙ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። በ2001 ማይክል ሎሬንዝና ጄራልድ ፊንክ፣ ስኳር በሌለበት በስብ ነክ ምግብ ለመኖር የሚያስችለውን ኤንዛይም ያጣ ካንዲዳ አይጥን የመግደል አቅሙ እንደሚዳከም አሳዩ። ከዚህ ተነስቶ «ፈንገሱ በሰውነት ውስጥ የሚኖረው ስኳር ተርቦ ነው» ማለት ይቀል ነበር። በ2006 የብራውን ቡድን የዚህኑ ኤንዛይም ማብሪያ ከአረንጓዴው ፕሮቲን ጋር አገናኝቶ ሕዋሳቱን አንድ በአንድ ተመለከተ። ማክሮፌጅ የተባለው የመከላከያ ሕዋስ የዋጣቸው በሩ። በአይጥ ኩላሊት ውስጥ የሰፈሩት ግን አብዛኞቹ ጨለማ ነበሩ፤ እነዚህ ስኳር እየበሉ ነው። በዓመቱ ከኦክስጅን ጥቃት የሚከላከሉት ጂኖችም ተመሳሳይ ነገር አሳዩ፤ በነጭ የደም ሕዋሳት ፊት ይነቃሉ፣ ኩላሊት ውስጥ ከጥቂቶች በቀር ያንቀላፋሉ።

እንግዲህ ያንን ኤንዛይም ብቻ የሚዘጋ መድኃኒት ቢሠራ፣ የተዋጡትን መትቶ ኩላሊት ውስጥ የተደላደሉትን ሊስት እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው። በአንድ ቱቦ የተፈጨው ድብልቅ ይህን ጥርጣሬ አያስነሳም።

ብርሃኑም ግን ዘግይቶ የሚመሰክርበት ጊዜ አለ። እርሾ ላይ በተደረገ ልኬት የተለመደው አረንጓዴ ፕሮቲን ግማሹ እስኪጠፋ 7 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ጂኑ ከጠፋ በኋላም ሕዋሱ ሲያበራ ይቆያል። ሕዋሱ ቶሎ እንዲያፈርሰው የሚያደርግ ጭራ ሲቀጠልበት ጊዜው ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርዳል፣ ብርሃኑም በዚያው ልክ ይደክማል። ለመብራት ኦክስጅንም ይፈልጋል፤ አየር ባጣ ቦታ ያለ ጨለማ ጂኑ መጥፋቱን አያረጋግጥም። ብዙ ጽሑፎች ይህን ጉድለት ከሥዕሉ ርቆ በዘዴ ክፍሉ ውስጥ ይቀብሩታል። አረንጓዴ ሕዋስ የሚያሳይ ገጽ ሲያጋጥምዎ መጀመሪያ ያንን መስመር ይፈልጉት።