አሮጌው ፒክ አፕ ስለምን ያንገጫግጫል?

ከእናንተ መካከል በተማሪነቱ ጊዜ ወይም ወደ መጀመሪያ የሥራ ቦታው ሲሄድ በፒክ አፕ ጀርባ ላይ ተቀምጦ ወገቡ ያልተቀጠቀጠ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም። ይህ መኪና ባዶውን ሲሄድ እንደ ፍየል ይዘላል፤ ስምንት ኩንታል እህል ሲጫንበት ግን እንደ ሰጋር በቅሎ ረጋ ብሎ ይሄዳል። ነገሩ ሲታሰብ የሚያስገርም ነው። ሸክም የበዛበት ፍጡር ሁሉ ይጨነቃል እንጂ ሲጫኑት የሚደላው ከቶ ምን ዓይነት ነው? ብዙ ሰው ግን «የአሮጌ መኪና ጠባይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ ከነዚሁ ሰዎች አንዱ ነበርሁ።

አጎቴ ደጀን አጠገብ ይኖራል። መተዳደሪያው እርሻና አንዲት የቶዮታ ላንድ ክሩዘር ፒክ አፕ ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ በብዙ ይበልጣል። ባለ 40 ቁጥር ከሚባለው ወገን ናት፤ ይህ ወገን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ተጀምሮ በ1984 በአዲሱ ባለ 70 ቁጥር ተተክቷል። የአጎቴ መኪና ጤፍ ወደ ገበያ ታወርዳለች፤ ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ታደርሳለች፤ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ያለ እርሷ አይሆንም።

ባለፈው ዓመት በጥር መጨረሻ ለዕረፍት ሄጄ ሳለ አክስቴን ሐኪም ቤት አሳይተን ስንመለስ፥ ጠጠር በለበሰ ቁልቁለት ላይ መንገዱ ወደሚታጠፍበት ደረስን። መንገዱ እንደ ቆርቆሮ ክዳን የተሸረካከተ ነበር። የመኪናዋ ኋላ ደጋግሞ ነጠረና ወደ ገደሉ በኩል ተንሸራተተ። አጎቴ መሪውን እንደምንም ይዞ አቆማት፤ ወርጄ ባየሁ ጊዜ የኋላው ጎማ ከመንገዱ ጠርዝ የቀረው አንድ ክንድ ያህል ነበር። አክስቴ ቤት እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

በማግሥቱ አጎቴ ከከተማ ጋራዥ ምክር ይዞ መጣ። «ባሌስትራዋ ደክሟል፤ በወፍራም አዲስ ይለወጥ፤ ማንጠልጠያውም ረዝሞ መኪናዋ ከፍ ትበል» አሉት። ዋጋው ለታናሽቱ ልጁ የኮሌጅ ትምህርት ተብሎ የተቀመጠውን ገንዘብ የሚጨርስ ነበር። እንግዲህ ጉዳዩ የመንገጫገጭ ብቻ መሆኑ ቀረ።

እኔ ደግሞ የተማርሁትን ለማሳየት ወረቀትና እርሳስ አነሣሁ። ስሌቱን እናንተም ልትከተሉት ትችላላችሁ። አንድ ሞላ በላዩ ያለው ክብደት ምን ያህል ዝቅ እንዳደረገው ከታወቀ፥ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ይታወቃል። ክብደቱ 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያደረገው ሞላ በደቂቃ 134 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለው ግን 67 ጊዜ ያህል ብቻ። ዝቅታው አራት እጥፍ ሲሆን የውዝዋዜው ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። የተሳፋሪ አውቶሞቢል ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ያህል እንዲወዛወዝ ሆኖ ነው፤ ይህም ለሰው አካል ይስማማል። የፒክ አፕ የኋላ ባሌስትራ ግን የተሠራው ሙሉ ጭነት እንዲሸከም ስለሆነ፥ ባዶውን ሲሆን እምብዛም ዝቅ አይልም፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ጭነቱ ሲመጣ ዝቅ ይላል፤ ውዝዋዜውም ይረጋል። የፍየሉና የበቅሎው ምስጢር ይኸው ነው።

ከዚህ ተነሥቼ «ጋሼ፥ ወፍራም ባሌስትራ ቢገባ ይብስባታል እንጂ አይሻላትም። እንዲያውም ካለው ንብብር ላይ ሁለቱን ዝርግ ብረት እናውጣለት» አልሁት። አጎቴ ወረቀቱን አየት አድርጎ «ሽማግሌው መካኒክ ይየውና» አለኝ።

ሽማግሌው መካኒክ ስሌቱን በትዕግሥት ሰማኝ፤ ከዚያም ከመኪናዋ ሥር ገብቶ በባሌስትራው ንብብር መካከል ቢላዋ ለመስደድ ሞከረ፤ አልገባለትም። «ልጄ፥ ስሌትህ ደግ ነው፤ ነገር ግን የታሰረ ሰው ሩጫ አይለካም። መጀመሪያ እንፍታው» አለ። እውነቱን ነበር። የእኔ ስሌት ሞላው ነጻ ሆኖ የሚንቀሳቀስ መሆኑን አስቀድሞ ያምናል፤ የአጎቴ ባሌስትራ ግን ዝገት አንዱን ብረት ከሌላው አጣብቆት አንድ ወፍራም አጣና ሆኖ ነበር። ደግሞም ዝርጉን ብረት ብናወጣው ኖሮ በመከር ጊዜ ጭነቱን ማን ይሸከመው ነበር? ባሌስትራ ክብደት መሸከም ብቻ ሳይሆን አክስሉን በቦታው የሚያጸናም እርሱ ነውና፥ ያለ ዕውቀት የሚነካ ነገር አይደለም።

ሦስት ቀን አብሬው ሠራሁ፤ ካየሁት ሁሉ የሚበልጠው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። እናንተም አሮጌ ፒክ አፕ ካላችሁ፥ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ አንዱ በእጃችሁ ከገባ፥ ከርካሹ ጀምሩ፤ ወደ ውዱ ኋላ ትደርሱበታላችሁ።

መጀመሪያ ጎማ ነው። ጎማ ራሱ ሞላ መሆኑን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአጎቴ የኋላ ጎማዎች ሁልጊዜ ለሙሉ ጭነት በሚሆን ነፋስ ይነፉ ነበር፤ ባዶ ስትሆን ግን ያ ሁሉ ነፋስ አያስፈልጋትም። ልኩ ፋብሪካው በሰጠው ሰሌዳ ወይም መጽሐፍ ላይ ስለሚገኝ፥ ጎማው ሳይሞቅ በመለኪያ ማየት ነው። ነገር ግን ለምቾት ተብሎ ከልክ በታች ማጉደል ጎማውን አግሎ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ጭነት ሲመጣም መልሶ መሙላት ግዴታ ነው። ከዚህም ሌላ ከፊት ጎማዎቿ አንዱ ራዲያል፥ ሁለተኛው የድሮው ዓይነት፥ ክሩ በሰያፍ የተጠላለፈ ሆኖ ተገኘ። ሚሸለን በ1946 የፈጠራ መብት ያወጣበት ራዲያል ጎማ ጎኑ ይለሰልሳል፤ መሬትም ሲይዝ ጠባዩ ከሰያፉ የተለየ ነው። ሁለቱን በአንድ አክስል ላይ ማጣመር አንዱን በሬ ከአንድ ፈረስ ጋር እንደ መጥመድ ነው። ጎሚስታው በአንድ ሰዓት ውስጥ አስተካከለው።

ሁለተኛው ሾክ አብዞርበር ነው። ስሙ እንደሚያስመስለው ክብደት የሚሸከም አይደለም፤ ሥራው የሞላውን ውዝዋዜ ማብረድ ነው። በውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ ሲገፋ ጉልበቱ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሾክ አብዞርበሩ ሲሞት ጎማው በተሸረካከተ መንገድ ላይ ነጥሮ ከመሬት ይለቃል፤ ከመሬት የለቀቀ ጎማ ደግሞ ፍሬንም ቢረግጡት መሪም ቢያዞሩት አይታዘዝም። በዚያ መታጠፊያ ላይ የደረሰብን ይኸው ነበር። በትንሽ አውቶሞቢል ጠርዙን በእጅ ተጭኖ በመልቀቅ መመርመር ይቻላል፤ የፒክ አፕ ሞላ ግን ለሰው ክንድ ስለማይበገር ብዙ አያስታውቅም። ስለዚህ ዘይት ማፍሰሱን ማየት፥ ከዚያም ፈትቶ በእጅ መሳብና መግፋት ነው። የአጎቴ የቀኙ የኋላ ሾክ አብዞርበር ተከፍቶ በተሳበ ጊዜ እንደ ብስክሌት መንፊያ ባዶውን ወጣ። የሚለወጠው ግን ሁለቱም ጎን አንድ ላይ ነው።

ሦስተኛው ባሌስትራው ነው። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ሻንሲዋን በጠንካራ መቆሚያ ላይ ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ በክሪክ ብቻ በተንጠለጠለ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ነፍሱን የጠላ ነው። ንብብሩ ተፈትቶ እያንዳንዱ ዝርግ ብረት በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ የተሰነጠቀ እንዳለ በደንብ ይታያል፤ በመካከሉ ቀጭን የግራፋይት ግሪስ ይቀባል። የላስቲኩን ጎሚኒ ግን ግሪስ እንዳይነካው ተጠንቀቁ፤ ላስቲክን ያበላሸዋል። የአጎቴ ጎሚኒዎች ተበልተው ብረት ከብረት ይማታ ስለነበረ በአዲስ ተለወጡ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ጎባጣ ቡሎኖችም አዲስ ገቡ። የጎሚኒዎቹ ዳዶ በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናዋ በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው፤ ተንጠልጥላ ሳለች ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠማዝዞ ይቀራል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ቡሎኖቹን ሁሉ እንደገና ማየት ይገባል።

አራተኛው መሪው ነው። አንድ ሰው መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትንሽ ትንሽ ያነቃንቅ፤ ሌላው ከታች ሆኖ የትኛው መጋጠሚያ እየዘገየ እንደሚከተል ይመልከት። በአጎቴ መኪና በመሪው ዘንጎች ጫፍ ያሉት ሁለት ኳሶች አልቀው ነበር። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ የመሪውን ሳጥን ቡሎን ያጠብቃል፤ ይህ ግን ስሕተት ነው፤ ሳጥኑ ይታነቅና መሪው ራሱን ችሎ ወደ መካከል መመለስ ያቅተዋል። ሳጥኑ የሚነካው ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ካለቀ በኋላ፥ እርሱም በጥቂቱ ነው።

በመጨረሻ የጎማዎቹ አቋም በመለኪያ ይስተካከላል። እዚህ ላይ ያ ጋራዥ ስለመከረው ረጅም ማንጠልጠያ አንድ ነገር ልበል። የብስክሌት የፊት ሹካ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ነው፤ ይህ ጋደልታ ጎማው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ነው። የመኪናም የፊት ጎማ የሚዞርበት መስመር ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ያጋደለ ነው። ማንጠልጠያው ሲረዝም አክስሉ ሊዞርና ይህ ጋደልታ ሊጠፋ ይችላል፤ ያን ጊዜ መኪናው በቀጥታ መንገድ ላይ እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል። ከፍ ያለ መኪና ደግሞ በመታጠፊያ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። አጎቴ ገንዘቡን ከፍሎ አደጋውን ሊገዛ ነበር ማለት ነው።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ ታላላቆቹ ፋብሪካዎችም ብዙ ደክመውበታል። በአሜሪካ ሸቭሮሌ በ1960 ለፒክ አፕ የፊት ጎማዎቹ እያንዳንዱ ለብቻው የሚንቀሳቀስበትን፥ በሚጠማዘዝ የብረት ዘንግ የሚሠራ ሞላ አገባ፤ በ1963 ደግሞ በጥቅል ሞላ ለወጠው። ፎርድ በ1965 የፊቱን አክስል ለሁለት ከፍሎ አንዱ ጎማ ሲመታ ሌላው እንዳይናጋ አደረገ። ቶዮታም በ1999 የባለ 70 ቁጥሩን የፊት ባሌስትራ በጥቅል ሞላ ሲተካ፥ የፒክ አፑን የኋላውን ግን እንዳለ ተወው። ጭነትን የመሰለ ነገር በባሌስትራ ላይ ያለውን ፍርድ እስካሁን አልሻረም።

እንግዲህ የአጎቴ መኪና ምን ሆነች? የወጣው ገንዘብ ጋራዡ ከጠየቀው ሲሶ አልሞላም። ባዶዋን ስትሄድ ዛሬም ፒክ አፕ መሆኗ ይታወቃል፤ የቤት አውቶሞቢል አልሆነችም፤ አትሆንምም። ነገር ግን በዚያው ቁልቁለት ላይ ቀስ ብለን ስንወርድ ጎማዋ መሬቱን አልለቀቀም፤ መሪዋም ያዘዝናትን ሰማች። አክስቴ ከመታጠፊያው አልፈን ጥቂት እንደሄድን «ዛሬስ መንገዱን ጠገኑት መሰለኝ» አለች። መንገዱን የጠገነው ሰው አልነበረም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። መኪና አያያዙ ሲያምር ሹፌሩ ይደፍራል፤ ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ነው። ስለዚህ ፍሬኑን ሳያስመረምር የሚፈጥን ሰው ሥራውን በግማሽ ትቶታል። በጀርባዋ ላይ ሰው አቁሞ መጫንም ምንም ዓይነት ሞላ የማያድነው አደጋ ነው።

እኔ ከዚያ ሥራ የተረፈኝ ትምህርት ለተማሪም ለጸሐፊም የሚሆን ይመስለኛል። ቀመሩ ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ከመኪናው ሥር ሳልገባ መፍትሔ ማዘዜ ችኮላ ነበር። መካኒኩም ቀመሩን አልናቀውም፤ ሥራው ባለቀ ጊዜ ወረቀቱን ለምኖ ወስዶ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። የአጎቴ ልጅም በመስከረም ኮሌጅ ገባች፤ ሻንጣዋን ይዛ እስከ አውቶቡሱ መናኸሪያ የሄደችው በዚያችው ፒክ አፕ ነው።