በሬው በስንተኛው ወር ይሸጥ?

ለዕረፍት ወደ ከሚሴ በተመለስን ቁጥር፣ ከምናውቃቸው ቤቶች በአንዱ የቤቱ አባወራ ስትሮክ መትቶት ግማሽ አካሉ ዝሎ ተኝቷል ሲባል እንሰማለን። ልንጠይቅ ስንገባ «ይረፍ፤ አትንኩት» የማይል የለም። ልጆቹ ያጎርሱታል፤ ሚስቱ ታገላብጠዋለች፤ በደህና እጁ እንኳ ስኒ እንዲያነሣ አይተዉትም። ፍቅር ነው፤ አንነቅፈውም። ነገር ግን መንፈቅ ካለፈ በኋላ ያው ቤተሰብ በሬ ሸጦ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይዞት ይሄዳል። ክርክራችን በሬው ስለ ምን በመጀመሪያው ወር አልተሸጠም የሚል ነው።

ጤነኛው የአንጎል ክፍል የተጎዳውን ሥራ መልሶ የሚማርበት ኃይል የሚበረታው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በአሜሪካ በ72 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ 20 ሰዓት ተጨማሪ የእጅ ልምምድ በተለያየ ጊዜ እየሰጠ አመዛዝኗል። ከሁሉ የበለጠ የተጠቀሙት በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር የተለማመዱት ናቸው። በመጀመሪያው ወር የጀመሩትም ተጠቅመዋል። ከመንፈቅ በኋላ የጀመሩት ግን ተጨማሪው ካልተሰጣቸው ሰዎች ይህን ያህል አልተለዩም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም የእኛ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ልክ በዚያ በመጨረሻው ጊዜ መሆኑ ያሳዝናል።

ታዲያ በዕለቱ ይነሣ ማለታችን አይደለም። በ5 አገሮች 2104 ሕሙማንን ይዞ በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት፣ በመጀመሪያው 24 ሰዓት ጀምረው አብዝተውና ደጋግመው ከአልጋ ያስነሧቸው ሰዎች በሦስተኛው ወር ከሌሎቹ አንሰው ተገኝተዋል። መነሻውን ሐኪም ይወስን፤ ከዚያ ወዲያ ጥቂት በጥቂት፣ በየቀኑ።

ወጌሻውንም አንንቅም፤ ስብራት ያውቃል። የዛለ ክንድ ግን ስብራት አይደለም፤ ሲጎትቱት ትከሻው ከመጋጠሚያው ይወርዳል። ዱዓውም አይቋረጥ፤ ልምምዱ ዱዓን አይከለክልም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ያሠለጥናል። ሆኖም በጅሌና በአርጡማ ቀበሌዎች ሁሉ ባለሙያ እስኪደርስ የታመመው ሰው ሦስት ወር አይጠብቅም። ስለዚህ ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሳይወጣ ሚስቱ ወይም ልጁ እንዴት እንደሚያስቀምጡት፣ ክንዱን እንዴት እንደሚደግፉ፣ እንዴት ደግፈው እንደሚያቆሙት በኦሮምኛም በአማርኛም በእጃቸው እየሠሩ ይማሩ። የባቲ አካባቢ ሰው ቀጠሮ ደግሞ ሰኞ ይሁንለት፤ ገበያ ስለሚቆም መኪና አይጠፋም።

ከመካከላችን ኦሮምኛ የምንችል፣ ለቤተሰብ የሚሰጠውን መመሪያ በአንድ ገጽ ለመተርጎም ተዘጋጅተናል። የሕክምና ተማሪ የሆናችሁ ጓደኞቻችን ጽሑፉን የሚያርም ሐኪም ፈልጉልን፤ ከክረምቱ በፊት።