ለኮምፒዩተር ሥርዓት ጠባቂ ስለ መሾም

በአዲስ አበባ ከተማ ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በአምስቱ የወረራ ዓመታት የኢጣልያ መንግሥት ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቹ ማደሪያ ካሠራቸው ቤቶች ነው። ቤቶቹን የሚያሠራው መሥሪያ ቤት በአጭሩ «ኢንቺስ» ይባል ስለ ነበረ፥ የኢንቺስ ቤቶች ለማለት በኢጣልያንኛ ካዜ ኢንቺስ የተባለው በሕዝብ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀርቷል። ከዚያም ወዲህ በ1950 ዓ. ም. የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሲዮን ተቋቁሞ፥ በ1953 ዓ. ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመርቆ፥ ካዛንቺስና የቂርቆስ አካባቢ የጽሕፈትና የመዝገብ ስፍራ ሆኖ ኖረ። በ2017 ዓ. ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የካዛንቺስ አሮጌ መንደር ፈርሶ ብዙ ነዋሪና ነጋዴ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛወረ። ቤት ሲለቀቅ ዕቃ ይቈጠራል፤ ዕቃ ሲቈጠርም ተረስቶ የኖረው ይታያል። በዚህ ዘመን በጽሕፈት ቤት ውስጥ ከተረሳው ዕቃ ዋነኛው ኮምፒዩተር ነው፤ የተረሳውም በጓዳ ተጥሎ ሳይሆን በየጠረጴዛው ላይ ቆሞ፥ በየቀኑ እየተሠራበት ነው።

ኮምፒዩተር በውስጡ ሥርዓተ ክወና፥ በተለመደው አጠራር ኦፐሬቲንግ ሲስተም፥ የሚባለው ነገር ከሌለው የብረት ሣጥን ብቻ ነው። ጽሑፉን የሚያሳየው፥ ማተሚያውን የሚያዘው፥ የማን መዝገብ ለማን እንደሚከፈት የሚወስነው ይኸው ሥርዓት ነው። በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ እጅግ የተለመደው ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያወጣው ዊንዶውስ ሲሆን፥ ከዚህም ዊንዶውስ 10 የተባለው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ. ም. የጥበቃው ዘመን አብቅቷል። ይህ ማለት መሣሪያው መሥራት አቆመ ማለት አይደለም። ቀዳዳ በተገኘበት ጊዜ የሚደፍነው የለም ማለት ነው እንጂ። ሠራተኛው ጠዋት ሲከፍተው እንደ ትናንቱ ይከፈትለታልና አንዳች የጎደለ አይመስለውም፤ አደጋውም ከዚህ የተነሣ ይብሳል።

ቀዳዳው ሳይደፈን ሲቀር ምን እንደሚሆን ዓለም ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ. ም. አይቶታል። በዚያ ቀን ዋናክራይ የተባለ ክፉ ፕሮግራም ተነሥቶ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ በ150 አገሮች ያህል ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮችን እየቈለፈ ባለቤቶቹን ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። የሚያስገርመው ግን ለዚያ ቀዳዳ መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ መገኘቱ ነው። ከተጠቁት አብዛኞቹ መድፈኛው ያልደረሳቸው አይደሉም፤ ደርሶላቸው ሳለ ያላስገቡት ናቸው። አሁን ደግሞ በዊንዶውስ 10 የቀረው መሥሪያ ቤት መድፈኛውን ሊያስገባ ቢወድ እንኳ በነጻ የሚመጣለት የለም።

የጽሕፈት ቤት አለቃ በዚህ ጊዜ ሦስት መንገድ ይታየዋል። አንደኛው አዲስ መሣሪያ መግዛት ነው። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም የሚባለውን የምስጢር መጠበቂያ ክፍል ስለሚሻና በአመዛኙ ከ2010 ዓ. ም. በፊት የተሠሩትን ፕሮሰሰሮች ስለማይቀበል፥ ደኅና ሆኖ የሚሠራ ብዙ መሣሪያ ሳይሰበር ሊጣል ነው። ሁለተኛው ለኩባንያው እየከፈሉ ጥበቃውን ማስቀጠል ነው፤ ለድርጅቶች የተቈረጠው ዋጋ ለአንድ ኮምፒዩተር በመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር ሆኖ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ ከሦስት ዓመት አያልፍም። መቶ ኮምፒዩተር ያለው መሥሪያ ቤት በሦስቱ ዓመት 42 ሺህ 700 ዶላር ከፍሎ፥ በመጨረሻ ያው አሮጌ መሣሪያ በእጁ ይቀራል ማለት ነው። ሦስተኛው መንገድ ማንም በአደባባይ የማይመክረው፥ ነገር ግን በከተማው ሁሉ የተለመደው ነው፤ ይኸውም ፈቃድ የሌለውን ቅጂ ከሱቅ አስጭኖ ዝም ማለት ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት የተጠበቀለት ሥራ ስለ ሆነ፥ ሕግ የሚያስከብር ጽሕፈት ቤት በራሱ ጠረጴዛ ላይ ሕግ ሲፈርስ ማየቱ ነውር ነው። ከነውሩም ሌላ፥ ፈቃዱን ለመስበር የተበጀው ቅጂ በሆዱ ምን ይዞ እንደ መጣ የሸጠው ሰው እንኳ አያውቅም።

አራተኛ መንገድ አለ። በ1976 ዓ. ም. ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ፥ ማንም ሰው ሊያነበው፥ ሊገለብጠውና ሊያርመው የሚችል ሥርዓት ለመሥራት ተነሣ። በ1983 ዓ. ም. ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ የሥርዓቱን አስኳል ሠርቶ ለሁሉ ገለጠው፤ ይህም ሊኑክስ የሚባለው ነው። ከእርሱም ዴቢያን የተባለው በ1985 ዓ. ም.፥ ኡቡንቱም በደቡብ አፍሪካዊው በማርክ ሻትልወርዝ መሪነት በ1997 ዓ. ም. ወጡ። የአፍሪካ የነጻና ክፍት ሶፍትዌር ማኅበር እንዲቋቋም አሳቡ የተጠነሰሰውም በ1995 ዓ. ም. በዚችው በአዲስ አበባ በተደረገ ጉባኤ ነበረና፥ ነገሩ ለከተማይቱ እንግዳ አይደለም።

ለሊቃውንትና ለካህናት የዚህ አሠራር ጠባይ ከማንም ይልቅ ቅርብ ነው። የብራና መጽሐፍ የሚጻፈው ከአብነቱ እየተገለበጠ ነበር፤ የአንዱ ገዳም መጽሐፍ ለሌላው ይሰጣል፥ ጸሐፊው ይገለብጣል፥ ዐዋቂው ያርማል። ማንም መጽሐፉን ቈልፎ «ማንበብ እንጂ መመርመር አይፈቀድም» አላለም። ሆኖም የመገልበጥ ነጻነት ብቻውን መጽሐፍን አልጠበቀም፤ አራሚ ያላየው ቅጂ ስሕተቱን ወደ ቀጣዩ አሳልፏል፥ ጠባቂ ያጣውንም ብራና አይጥና እርጥበት በልቶታል። የነጻው ሥርዓትም ነገር እንዲሁ ነው። ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ያለ ድካም ግን አይኖርም። ስለ ነጻ ሶፍትዌር የሚሰብኩ ሰዎች የመጀመሪያውን አብዝተው እየተናገሩ ሁለተኛውን በለሆሳስ ያልፉታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ምርጫው አለ። የሊኑክስ ዓይነት በመቶ የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ወጣቱ ባለሙያ ለራሱ ደስ ያሰኘውን አዲስ ነገር ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ለመሥሪያ ቤት ግን የሚሻለው አዲሱ ሳይሆን የተፈተነውና ረጅም ጥበቃ ያለው ነው። ለዚህም መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ. ም. የተገለጠው ነገር ምስክር ይሆናል፤ ኤክስዜድ በምትባል ትንሽ ፕሮግራም ውስጥ የታመነ መስሎ ለሁለት ዓመት ያህል የሠራ ሰው የምስጢር በር አስገብቶ ተገኘ። ያገኘውም አንድ መሐንዲስ ሲሆን፥ ሥራው በግማሽ ሴኮንድ ያህል ሲዘገይበት ተጠራጥሮ መርምሮ ነው። ምንጩ ክፍት ባይሆን ኖሮ ሊመረምረው ባልቻለ ነበር፤ የታመመው ቅጂ ግን ገና በሙከራ ላይ ባሉት ዓይነቶች ገብቶ ነበርና፥ የጸናውን የዴቢያን ቅጂ የያዙት ሰዎች ምንም አልነካቸውም። እንግዲህ የጸናው ዴቢያን ወይም በየሁለት ዓመቱ የሚወጣው የረጅም ጥበቃ ኡቡንቱ ይበቃል፤ ሁለቱም አምስት ዓመት ያህል ይጠበቃሉ። የመሣሪያው ጉልበት ደካማ ሲሆን ቀለል ያለ ገጽታ ያለው ይመረጣል፤ ዳሩ ግን ከኡቡንቱ ወገን የሆኑት ቀላል ዓይነቶች ጥበቃቸው ሦስት ዓመት ብቻ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥም አንድ ዓይነት ብቻ ይሁን። አምስት ክፍል አምስት ዓይነት ከያዘ፥ አምስት ጠባቂ ያሻዋል።

ሁለተኛው ነገር የግዕዝ ፊደል ነው፤ ብዙ ሙከራ የሚሰናከለውም በዚህ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ለፊደሉ የራሱን ቍጥር ይሰጥ ስለ ነበረ፥ በዚያ ዘመን የተጻፈ ደብዳቤ ያ ፕሮግራም በሌለበት ሲከፈት ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል። ሥርዓቱ ሳይለወጥ አስቀድሞ እነዚህ መዛግብት ወደ ዩኒኮድ መገልበጥ አለባቸው። የክርስትናና የጋብቻ መዝገቡን በአሮጌ ፕሮግራም ያስጻፈ ሰበካ ጉባኤ፥ የይዞታ ፋይሉንም እንዲሁ ያስጻፈ ወረዳ፥ ይህን ሳያደርግ ቢለውጥ መዝገቡ ሳይቃጠል እንደ ተቃጠለ ይቈጠራል። ከዚህ በቀር ሊኑክስ ለአማርኛ የተመቸ ነው። አቢሲኒካንና ኖቶን የመሰሉ ነጻ የፊደል ቅርጾች አሉት፤ በላቲን ቍልፍ ድምፁን እየመቱ ግዕዝ የሚያስጽፍ ዘዴም አለው። የዩኒኮድ ማኅበር በነጻ የሚያወጣው የቀን ማስሊያ የኢትዮጵያን ዘመን በዓመተ ምሕረትም በዓመተ ዓለምም እንደሚቈጥር ቢነገር፥ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ ሊቃውንት ሳይደሰቱ አይቀሩም። የጸሐፊዎች እጅ ግን በአሮጌው የቍልፍ አቀማመጥ የለመደ ነውና፥ ለልምምድ ጊዜ ሳይሰጣቸው ሥራው ቢዘገይ ጥፋቱን በእነርሱ ማሳበብ ግፍ ነው።

የቀደሙት ሰዎች ታሪክም ይረዳል። የጀርመኗ የሙኒክ ከተማ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመግባት ወስና፥ በ2013 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ኮምፒዩተሮችን ለወጠች፤ በ2017 ግን ምክር ቤቷ ወደ ዊንዶውስ እንዲመለስ ወሰነ። ስለ ምክንያቱ እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ከተማይቱ ራሷ ያስጠናችው ጥናት ግን ከዕቃው ይልቅ የአስተዳደሩን አሠራር ነቅፏል። የፈረንሳይ ዣንዳርም ሠራዊት በሌላ መንገድ ሄደ። በ2005 ነጻውን የጽሑፍ መሥሪያ ፕሮግራም፥ በኋላም ነጻውን የኢንተርኔት መክፈቻ በዚያው በዊንዶውስ ላይ አስለመደ፤ ወታደሩ እነዚህን ከለመደ በኋላ በ2008 ሥርዓቱን ከሥር ወደ ኡቡንቱ መለወጥ ጀመረ። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ኮምፒዩተሮቹ በዚሁ ይሠራሉ። ሙኒክ የጎደላት ገንዘብ አልነበረም፤ ዣንዳርሙም ከእርሷ የበለጠው በትዕግሥትና በአንድ አዛዥ ነው።

ለቂርቆስ ወረዳዎችም ሆነ በአካባቢው ላሉት ጽሕፈት ቤቶች የሚያሻው እንግዲህ የሠራዊት ያህል ሰው አይደለም። ግምጃ ቤት ቍልፉን የሚይዝ ሰው በስሙ እንደሚሾምለት፥ ለኮምፒዩተሩ ሥርዓትም አንድ ጠባቂና አንድ ምክትል በስም ይሾሙለት። ምክትሉ የግድ ነው፤ ብልሁ ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ በሄደ ማግስት የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ሥራ የቆመበት ቤት ጥቂት አይደለም። ጠባቂው በየሳምንቱ መድፈኛዎቹን ያስገባል፤ ኢንተርኔቱ ደካማ ወይም ውድ በሆነበት አንዱ ኮምፒዩተር አንድ ጊዜ አውርዶ ለቀሩት እንዲያድል ያደርጋል፤ ይህም በሊኑክስ ዘንድ ቀላል ሥራ ነው። መዛግብቱን በሌላ ዲስክ ገልብጦ ከዚያው ቤት ውጭ ያኖራል፤ በወር አንድ ጊዜም ከተገለበጠው አንዱን ከፍቶ ያነባል፥ ያልተሞከረ ቅጂ እንደ ሌለ ነውና። የሠራውን ሁሉ ከነቀኑ በደብተር ይጽፋል፤ ለዚህ ደብተር የወረቀት ይሻላል፥ ኮምፒዩተሩ በተበላሸ ቀን የሚነበበው እርሱ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የዜጋን መረጃ መጠበቅ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ መረጃ ከወጣ በኋላ «ሥርዓቱ አሮጌ ነበር» ማለት መልስ አይሆንም።

ሁሉም መሣሪያ በአንድ ቀን አይለወጥም፤ ሊለወጥም አይገባም። በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ወይም ለሊኑክስ የማይታዘዝ ማተሚያ ያለበት ክፍል ለጊዜው ይቆይ፥ የተቈለፈበትም ገደብ ይጻፍለት። ደብዳቤና መዝገብ ብቻ የሚጻፍበት ክፍል ይጀምር፤ በአምስት ኮምፒዩተር ለሦስት ወር ተሞክሮ የጸሐፊዎቹ ቅሬታ ይሰማ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምር ስለ ሆነ፥ የአዲስ ኮምፒዩተር ግዥ ጥያቄ ከመጻፉ በፊት በየጠረጴዛው ያለው መሣሪያ ዕድሜው፥ የተጫነበት ሥርዓት፥ የጥበቃው ማብቂያ ቀንና የጠባቂው ስም በአንድ ዝርዝር ተጽፎ ለአለቃው ይቅረብ። የመጨረሻው ዓምድ ባዶ ሆኖ የቀረበ ዝርዝር ወደ ጻፈው ክፍል ይመለስ።