የሰኔ ማዳበሪያ፣ የኅዳር ሩዝ እና ስግብግብነት

በፎገራ ሜዳ የአርሶ አደሩ ኪስ በዓመት ሁለት ጊዜ ክፉኛ ይፈተናል። አንደኛው ሰኔ ላይ ነው፤ ዝናቡ ገብቶ፣ ርብና ጉማራ መሙላት ጀምረው፣ ማሳው ማዳበሪያ የሚጠብቅበት ወቅት። ሁለተኛው ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ነው፤ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ሳያበቃ ብድር፣ ግብርና የቤት ወጪ ተደራርበው የሚመጡበት። በሁለቱም ወቅቶች አርሶ አደሩ ቆይቼ ልግዛ ወይም ቆይቼ ልሽጥ ማለት አይችልም። ኑሮ ሲከብድ ስግብግብነት ስፍራ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ መቆየት የሚችለው መቆየት ከማይችለው ላይ የሚወስደው ትርፍ ልክ ያጣል።

በየስብሰባው ለዋጋ ንረቱ የሚሰጠው መልስ «ስግብግብ ነጋዴዎች» የሚል ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በአሮጌው ምንዛሪ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ የነበረ ዕቃ በቀናት ውስጥ አዲስ ዋጋ ተለጥፎበታል፤ መንግሥትም ሱቆችን እስከ ማሸግ ደርሷል። ነገር ግን ቃሉ ሲደጋገም መሸሸጊያም ይሆናል። ማን፣ የትኛው መጋዘን ላይ፣ በየትኛው ሳምንት፣ በምን መንገድ የሚለው ጥያቄ ሳይነሳ ስብሰባው ያበቃል።

ማዳበሪያን እንውሰድ። ከውጭ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል ይገባል፤ በዩኒየኖች አማካይነት ወደ መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ይደርሳል፤ ከዚያም ቀበሌ ባወጣው ዝርዝር መሠረት ለአርሶ አደሩ ይሸጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የክልላችን አርሶ አደሮች ባሕር ዳር ድረስ መጥተው ማዳበሪያ እስከ መጠየቅ የደረሱት ይህ ሰንሰለት ስለተጓተተባቸው ነው። የዓለም ገበያ ዋጋ መናር፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የመንገድ ችግር፤ እነዚህ ከወረዳው አቅም በላይ ናቸው። በቀበሌ መጋዘን በር ላይ የሚሆነው ግን ከወረዳው አቅም በላይ አይደለም።

ዝርዝሩ በባለይዞታው ስም ይሠራል እንበል። መሬቱን በእኩል የሚያርሰው ግን ሌላ ሰው ነው። ባለይዞታው ድርሻውን በመደበኛ ዋጋ ይወስድና በዚያው ቀን አትርፎ ለደላላ ያስተላልፋል፤ እኩል አራሹ ያንኑ ጆንያ ከደላላው በውድ ይገዛል። እዚህ ላይ ከተማ ውስጥ ያለ ነጋዴ እጁ የለበትም። ስሙ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ፣ መሬት ሳይኖረው የተመዘገበ፣ የመጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰው ዘመድ በመሆኑ ቀድሞ የወሰደ ሁሉ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ተጎጂዎቹ ደግሞ አስቀድመው ይታወቃሉ፤ ወረፋ የሚይዝላት የሌላት ባል የሞተባት ሴት፣ ከወረታ ርቆ የሚኖር፣ በስብሰባ ላይ መናገር የማይደፍር።

ጉዳቱም በብር ልዩነት ብቻ አይለካም። አንድ 50 ኪሎ የዩሪያ ጆንያ 23 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይይዛል፤ ለሩዙ የሚጠቅመው ግን በወቅቱ ከደረሰው ነው። ቡቃያው ከግርጌው በሚበዛበት ጊዜ ያልደረሰ ዩሪያ ከሁለት ሳምንት በኋላ በግማሽ ዋጋ ቢገኝ እንኳ ያንኑ ያህል ፍሬ አይሰጥም። ሰኔ ላይ ጆንያ ደብቆ ለአሥር ቀን ያቆየ ሰው ያገኘው ትርፍ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ ኅዳር ላይ ከማሳው የጎደለው ሩዝ ግን ለእርሱም አልደረሰም፤ ለማንም ሳይሆን ቀርቷል።

ኅዳር ሲመጣ ሌላው ፈተና ይጀምራል። ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ከሚወስደው ጋር የሚገናኝባት፣ የሩዝ መፈተጊያዎች የበዙባት ከተማ ናት። ከፎገራ፣ ከደራና ከሊቦ ከምከም የሚመጣው ሩዝ እዚህ ይፈተጋል፤ ይሸጣል። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የአምራቾች ማኅበራት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ የተጀመረው ሩዝ ዛሬ የአካባቢው ዋና የገንዘብ ምንጭ ሆኗል። ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይሆናል፤ ገለባው ለከብት ይቀርባል። ይህ ሁሉ ሀብት የሚያልፈው ግን በአንድ ሚዛን ላይ ነው። ሚዛኑ በኩንታል አንድ ኪሎ ቢሰርቅ 20 ኩንታል ያመጣ አርሶ አደር 20 ኪሎ ሩዝ ሳያውቀው ትቶ ይሄዳል። አንድ ኪሎ ማንንም አያስጮህም፤ ስለማያስጮህም ከዓመት ዓመት ይቀጥላል።

ከሚዛኑ የሚከፋው ደግሞ ሰብሉ ገና ማሳ ላይ እያለ የሚደረገው ሽያጭ ነው። ነሐሴ ላይ የታመመ ልጅ ለማሳከም ወይም የጎደለ እህል ለመሙላት ገንዘብ የወሰደ አርሶ አደር ኅዳር ላይ ሩዙን ለአበዳሪው አስቀድሞ በተቆረጠ ዋጋ ያስረክባል። ውሉ «ግዢ» ይባል እንጂ ሥራው የአራጣ ነው፤ አራጣ ደግሞ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። ሽንኩርቱም ከዚህ አይሻልም። ሩዝ ቢያንስ ይቀመጣል፤ የተነቀለ ሽንኩርት መኪና ካላገኘ ስለሚበላሽ ደላላው «ዛሬ ዋጋው ይህ ነው» ሲል መልስ የለውም።

ነጋዴን ሁሉ በአንድ ዓይን ማየት ግን ስህተት ነው። ሩዝ ገዝቶ ለወራት ያከማቸ፣ ለመጋዘን የከፈለ፣ በማያስተማምን መንገድ ጭኖ የወሰደ ሰው የዋጋ ልዩነት ማግኘቱ ተገቢ ነው። አርሶ አደሩም ከነቀፋ ነፃ አይደለም፤ ሚዛን እንዲደፋ ሩዙን ውኃ የሚያርከፈክፍ፣ ድንጋይና አፈር ያልለቀመ አለ። እርጥብ ሩዝ ሲፈተግ ይሰባበራል፤ የፎገራ ሩዝ ከውጭ ከሚመጣው አጠገብ ሲቀመጥ ደንበኛ የሚያጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ሕንድ ባስማቲ ያልሆነ ነጭ ሩዝ ወደ ውጭ እንዳይላክ ስትከለክል ለአገር ውስጥ አምራች ሰፊ በር ተከፍቶ ነበር፤ በዚያ በር የሚገባው ግን ንጹሕ ሩዝ ነው።

የስግብግብነት የመጨረሻው ዕዳ የሚወርደው መሬትም ሱቅም በሌለው ላይ ነው። ሩዝ አብቃይ በሆነችው ቤንጋል እ.ኤ.አ. በ1943 ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ በረሃብ አልቋል። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳሳየው የዚያ ዓመት እህል ከቀደሙት ዓመታት ብዙም የተለየ አልነበረም፤ የጦርነቱ የዋጋ ንረትና «ነገ ይወደዳል» ብሎ ማከማቸት ሩዙን ከቀን ሠራተኛውና ከዓሣ አጥማጁ አቅም በላይ አደረገው። ፎገራ ቤንጋል አይደለችም። ይሁን እንጂ ለአጨዳ የሚመጣው የቀን ሠራተኛና በወረታ በኪራይ ቤት የሚኖረው ቤተሰብ ሩዙንም ጤፉንም በችርቻሮ የሚገዛ ነው። ሲያቅተው ከሩዝ በኋላ በእርጥበቱ ወደሚዘራው ጓያ ይዞራል። ጓያን ለወራት ብቻውን መብላት እግር እንደሚያሽመደምድ ይህ አካባቢ ከማንም በላይ ያውቃል፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ በፎገራና በደምቢያ ብዙ ሰው ሽባ አድርጎ አልፏል።

እዚህ ላይ የወረዳ አመራሩ እጅ ወደ ኬላና ወደ ዋጋ ትመና ሊፈጥን ይችላል። ያ መንገድ ተሞክሯል። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በኮታ እህል ይሰበስብ በነበረበት ወቅት፣ ያልደረሰለት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በተተመነው ርካሽ ዋጋ ያስረክብ ነበር። ኮታው በ1982 ዓ.ም. ሲነሳ ያዘነ ገበሬ አልነበረም። ኬላ ሲበዛ የሚበዛው ኬላውን የሚያሳልፍ ደላላ ነው።

ሕጉስ አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 እጥረት ያለበትን ሸቀጥ ማከማቸትንና ማሸሽን የሚከለክል ሆኖ ወጥቷል። የመጋዘን ደረሰኝ አሠራር በአዋጅ ከተፈቀደ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ሰብልን ጨምሮ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን ፈቅዷል። ሩዙን በማኅበሩ መጋዘን አስቀምጦ በደረሰኙ የተበደረ አርሶ አደር በኅዳር ዋጋ ለመሸጥ አይገደድም። ይህ እንዲሆን ማኅበሩ ደረቅ መጋዘንና የታመነ መዝገብ ያስፈልገዋል፤ አበዳሪውም የመክፈያ ቀኑን ሁሉም ሰው ከሚሸጥበት ሳምንት ማራቅ አለበት።

ለሰኔው ግን አዲስ አዋጅ መጠበቅ አያስፈልግም። የማዳበሪያ ተቀባዮች ዝርዝር ግንቦት ሳያልቅ፣ በባለይዞታው ብቻ ሳይሆን መሬቱን በሚያርሰው ሰው ስም፣ ከጆንያው ብዛትና ከዋጋው ጋር በማኅበሩ በር ላይ ይለጠፍ። የገባውና የወጣው ጆንያ በየሳምንቱ በዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትም የወረታን መፈተጊያዎች ሚዛን ጥቅምት ላይ ይፈትሽ፤ ውጤቱንም ከፋይሉ አውጥቶ አርሶ አደሩ ሩዙን በሚያወርድበት በር ላይ ይለጥፍ።