ከመንገድ ስለ መመለስ

ሰው ስንቁን ቋጥሮ ወይም የመኪና ቲኬት ቈርጦ ለመንገድ ከተዘጋጀ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ያላሰበው ነገር ያስቀረዋል። ልጁ ይታመምበታል፤ እንግዳ ይመጣበታል፤ ወይም ጥቂት ቢዘገይ መኪናው ጥሎት ይሄዳል። በዚያን ጊዜ ይቈጣል፣ ዕድሉንም ያማርራል። በማግሥቱ ግን ያመለጠው መኪና ገደል መግባቱን ሲሰማ ቍጣው ወደ ድንጋጤ፣ ድንጋጤውም ወደ ደስታ ይለወጣል። ጎረቤቶቹም መጥተው «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ» ይሉታል። እንዲህ ማለታቸው መልካም ነው። ነገር ግን የተረፈው ሰው ስለ ራሱ ምን ማሰብ እንደሚገባው፣ የሰማውም ሰው ምን መማር እንደሚገባው የሚመረምር ጥቂት ነው።

የፎገራ ሰው ይህን ነገር ለመማር ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ርብና ጉማራ ሁለቱም ከጉና ተራራ ይነሣሉ፤ የጉናም ከፍታ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከዚያ ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በበጋ ረጋ ብለው ይፈስሳሉ፤ በክረምት ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። ከሁሉ ይልቅ ሰውን የሚያታልለው፣ ዝናቡ በጉና ላይ ሲወርድ በሜዳው ላይ ፀሐይ ሊሆን መቻሉ ነው። ስለዚህ ከወረታ ገበያ የሚመለስ ሰው በራሱ ላይ ያለውን ሰማይ ብቻ ተመልክቶ ወደ ወንዙ ይገባል፤ መካከሉ ላይ ሲደርስ ከላይ የወረደው ደራሽ ውኃ ይመጣበታል።

የወንዙን ጠባይ የሚያውቁ ሽማግሌዎች የውኃውን መልክ አይተው፣ ድምፁንም ሰምተው «ልጄ፣ ዛሬ አትሻገር፤ እዚህ እደር» ይላሉ። አንዱ መንገደኛ «እሺ አባቴ» ብሎ ያድራል። ሌላው ግን «ሰው ያለ ቀኑ አይሞትም» ብሎ ይገባል። ይህ ቃል በልቅሶ ቤት ለተቀመጠ ሰው ማጽናኛ ይሆን ይሆናል። በሞላ ወንዝ ዳር ሲነገር ግን እምነት አይደለም፤ ምክርን መናቅ ነው።

እንግዲህ ከመንገድ መቅረት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ምክር ሰምቶ በገዛ ፈቃድ መመለስ ነው፤ ሁለተኛው ሳያውቁ በአጋጣሚ መቅረት ነው። የመጀመሪያው ጥበብ ነው። ሁለተኛው ስጦታ ነው፤ በስጦታም መመካት አይገባም።

ለሁለተኛው ምሳሌ የሚሆን፣ በዓለም ሁሉ የተሰማ ነገር በአገራችን ሆነ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ጧት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አይሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ተነሣ፤ ከስድስት ደቂቃ በኋላም በቢሾፍቱ አጠገብ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። አንድ የግሪክ አገር ሰው በዚያው አይሮፕላን ለመሄድ ቲኬት ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ሁለት ደቂቃ ያህል ቢዘገይ በሩ ተዘግቶ ቈየው። ይከፈትልኝ ብሎ ጮኸ፤ አልተከፈተለትም። ሌላ አይሮፕላን ሲጠብቅ ሳለ ሠራተኞች ወደ ፖሊስ ወሰዱት። በዚያም ሊከራከር ቢነሣ፣ ሹሙ በለሰለሰ ቃል እንዳይከራከር፣ ይልቁንም እንዲጸልይ፣ ካልተሳፈሩት እርሱ ብቻ መሆኑን እንደ ነገረው ራሱ ጽፎአል።

የሹሙ ምክር መልካም ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው ጸሎቱ ምን ሊሆን ይገባል? «ከእነዚያ ስለ ተሻልሁ አመሰግንሃለሁ» የሚል ጸሎት ክፉ ጸሎት ነው። ከሞቱት መካከል በናይሮቢ ስለ ምድር ጥበቃ ለሚመክረው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ የሚሄዱ ነበሩ፤ ሕፃናትም ነበሩ። እነዚህ ምን ስለ በደሉ ነው? በወንጌልም የሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰዎች እንደ ሞቱ ተጽፎአል፤ ጌታችንም እነዚያ ከሌሎቹ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተማረ።

ለፎገራ የቀረበም ምሳሌ አለ። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ወደ አስመራ የሚሄድ አይሮፕላን ከባሕር ዳር ሲነሣ የርግብ መንጋ ወደ ሁለቱም ሞተሮች ገባ። አብራሪዎቹ ወደ ባሕር ዳር ሊመልሱት ቢሞክሩ ሞተሮቹ ኃይል አጡ፤ በሜዳ ላይም በሆዱ ወርዶ እሳት ተነሣበት። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ፣ 69 ተረፉ። የሞቱትና የተረፉት በአንድ አይሮፕላን አብረው የተሳፈሩ ነበሩ። የእነዚያን ኃጢአት ከእነዚህ ጽድቅ ጋር በሚዛን የሚያስቀምጥ ዳኛ ከሰው መካከል ማን ነው? ስለዚህ የተረፈ ሰው ያመስግን እንጂ አይመካ፤ በቤቱም ድግስ ከመደገሱ በፊት ወደ ሟቾቹ ቤት ሄዶ ያልቅስ።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ርግቦቹ እንደሚመጡ አስቀድሞ የነገረ አልነበረም። የቢሾፍቱው አደጋ ግን አስቀድሞ የተነገረለት ነበር። ቦይንግ 737 ማክስ በሚባለው በዚያ አይሮፕላን ውስጥ አፍንጫውን በራሱ ወደ ታች የሚገፋ መሣሪያ ነበረበት። መሣሪያውም የሚታዘዘው በአንዲት መለኪያ ነበር። መለኪያይቱ ስትሳሳት፣ አብራሪዎቹ አይሮፕላኑን ሊያቀኑ ሲታገሉ መሣሪያው እየደጋገመ ወደ ምድር ይገፋው ነበር። ከዚያ በፊት አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. የዚያው ዓይነት አይሮፕላን በኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር፤ በዚያም አደጋ ይኸው መሣሪያ ነበረበት። ይህ በወንዙ ዳር ቆሞ «ውኃው ሞልቶአል» እንደሚል ሽማግሌ ነበር። ለአብራሪዎች የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተላከ፤ አይሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን አልተዉም። ከሁለተኛው አደጋ በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ በዓለም ሁሉ እንዲቆሙ ተደረገ።

እንግዲህ አስተውል። አንድ መንገደኛ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ አንድ ነፍስ ተረፈ። የመከልከል ሥልጣን የነበራቸው ሰዎች አስቀድመው አሳባቸውን ለውጠው ቢሆን ኖሮ ግን 157 ነፍስ በተረፈ ነበር። እኛ የመጀመሪያውን ታሪክ በመደነቅ እናወራለን፤ ሁለተኛውን ግን እንረሳለን። በእኔ አሳብ ልንማርበት የሚገባን ይህ ሁለተኛው ነው። አጋጣሚ በማንም እጅ የለም፤ መመለስና ሌላውን መመለስ ግን በሰው እጅ ነው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጣና ሞልቶ፣ ርብና ጉማራም ከዳራቸው ወጥተው የፎገራን ሜዳ በሸፈኑ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ለቀቀ። በዚያው ክረምት በድሬዳዋ የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። የተኛ ሰው መንገዱን ሊለውጥ አይችልም፤ የነቃው ሊቀሰቅሰው ይገባል። ስለዚህ በላይኛው አገር ዝናቡን ያየ ሰው ለታችኛው መንገር፣ ሹፌር ፍሬኑ ሲታመምበት ተሳፋሪዎቹን ማውረድ፣ የታንኳ ባለቤትም ነፋስ ሲነሣ ከጣና ዳር አለመነሣት ግዴታቸው ነው።

ምናልባት አንዱ፣ ሁልጊዜ የሚመለስ ሰው ከየትም አይደርስም ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ምልክት ሳያይ የሚፈራ ሰው እርሻውንም አያርስም። ነገር ግን ምልክት አይቶ የሚመለስ ፈሪ አይባልም። ደግሞም ብዙውን ሰው ወደ ወንዙ የሚያስገባው ድፍረት አይደለም፤ ኀፍረት ነው። የከፈልሁት ገንዘብ ይቀልጣል፣ ሠርገኞቹ ይጠብቁኛል፣ ጓደኞቼ ይሥቁብኛል ይላል። ገንዘብ ይተካል፤ ሠርግም ይቈያል፤ ሣቅ ሲነጋ ይረሳል። በጎርፍ የተወሰደ ልጅ ግን ለእናቱ አይመለስላትም።

ስለዚህ፣ ልጄ ሆይ፣ ሳታውቅ ከክፉ ብትተርፍ በትሕትና አመስግን። አውቀህ ልትተርፍ ስትችል ግን አጋጣሚን አትጠብቅ። ከመሞት መሰንበት ይሻላል ብለው አባቶችህ የነገሩህን ቃል በወንዙ ዳር አስበው። አንተም አድገህ የሌሎች ነፍስ በእጅህ በሚሆንበት ጊዜ፣ «ይቅር፣ ዛሬ አንሄድም» ለማለት አትፈር።