የ75 ዓመቱ ኮሌጅና የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ

ውድ ወላጆች፣

ባለፈው ቅዳሜ ለትልልቆቹ ልጆች አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 75 ዓመት እንደሞላው ስነግራቸው፣ አንዷ ተማሪ «ታዲያ እኛን ምን አገባን?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጥያቄው መልስ ይፈልጋል።

ዩኒቨርሲቲው በ1943 ዓ.ም. «የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ» ተብሎ ሲከፈት 33 ተማሪዎች ብቻ ነበሩት። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጡና ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዛሬ ስድስት ኪሎ የምናውቀው ግቢ ማለት ነው።

ለእኔ ግን ትልቁ ቅርሱ ሕንፃው አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥተው እንዲያገለግሉ ይደረግ ነበር። አብዛኞቹ የሄዱት ለማስተማር ነው። ስለዚህ የኮሌጁን በር ረግጦ የማያውቅ የገጠር ልጅም ከኮሌጁ ተምሯል።

አባቴን ሒሳብ ያስተማረው እንዲህ ያለ ወጣት ነበር። አባቴ ስሙን ሲያነሳ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ልብ ብዬ ግን አልያዝኩትም። አሁን ልጠይቀው ብልም አባቴ የለም።

በ1957 የ14 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ 75 ዓመቱ ነው፤ የኮሌጁ እኩያ። ከልጆቻችን አያቶች ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ ላይ ናቸው። ስለዚህ የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ ስልክ መደወል ነው። ልጆቹ አያቶቻቸውን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦

1. ፊደል ያስቆጠረዎት ማን ነው?
2. ትምህርት ቤትዎ ምን ይመስል ነበር?
3. የማይረሱት አስተማሪ ማን ነው? ከየት ነው የመጣው?

ትምህርት ቤት ያልገቡ አያት ካሉ ደግሞ፣ «ለምን ሳይገቡ ቀሩ?» ብለው ይጠይቁ። እሱም ታሪክ ነው።

አንድ ነገር አደራ! ደውላችሁ ስልኩን ስጧቸውና ዞር በሉ። አትተርጉሙላቸው። ቢንተባተቡም አያት ይረዳል፤ ሲያቅታቸው ደግሞ ራሱ ያርማቸዋል። «እርስዎ» ማለትንም በዚያው ይለማመዳሉ።

መልሱን በአማርኛ ጽፈው ቅዳሜ ያምጡ፤ ሦስት መስመር ይበቃል። የአስተማሪውን ስም ግን እንዳይረሱ።

ቸር ያገናኘን።